የሚጠገነውና የሚቀረው፤ በታደሱ የካንቶንኛ ፊልሞች ላይ የተደረገ ንግግር



የሆንግ ኮንግ ጥንታውያን የኩንግ ፉና የሰይፍ ፊልሞች ታድሰው በተከታታይ ሲታዩ፣ ለተመልካች የትዝታ ጉዳይ ነው። ለመሐንዲስ ግን የውሳኔ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 በኩዋን ታክ ሂንግ መሪ ተዋናይነት የተጀመሩት የዎንግ ፌይ ሁንግ ፊልሞች ከ70 በላይ ናቸው፤ ሁሉም ግን አልተረፉም። አሲቴት የተባለው የፊልም ዘር በሙቀትና በእርጥበት ሲበላሽ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይኮማተራል።

የተረፈው ፊልም ምስል በምስል ወደ ኮምፒዩተር ይገባል (በሰከንድ 24 ምስል ነውና ድካሙን ገምቱት)። ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ምስል ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ያነጻጽራል፤ በአንዱ ብቻ የታየውን ነጥብ እንደ ቆሻሻ ቈጥሮ ያጠፋዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «የቡድሃ መዳፍ» ከተዋናዩ እጅ የሚፈነጥቀው ጨረር በእጅ የተሣለ ነው፤ ከምስል ወደ ምስል ይለዋወጣል። ማሽኑ ይህን ከጭረት እንዴት ይለየዋል? ተዋናዩን በአየር ያንጠለጠለው ሽቦስ ይጥፋ?

በእኔ አስተያየት ሽቦው ይታይ። የፊልሙ ሠራተኞች በነበራቸው መሣሪያ የደረሱበት መፍትሔ ነውና፣ ማጥፋቱ ጥገና ሳይሆን እርማት ነው። አዳሹም ያጠፋውን ሁሉ በመዝገብ ይያዝ፤ ያልተነካውም ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ።