ቤቱንም መንጋውንም የወደደ አባት

(በሌሞ ለምእመናንና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በሌሞ አንድ አባት እንሰት ሲተክል ለዘንድሮ ራት ብሎ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፣ የጓሮ ፍግ እየተመገበ፣ ለመፋቅ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ተካዩ ቢያልፍ እንኳ ልጆቹ ከዚያ ቆጮ ይበላሉ። ዛሬ የምናስታውሳቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንዲህ ያሉ ተካይ ነበሩ።

ቄስ ጉዲና የወለጋ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት አገለገሉ፤ ኋላም ለቅስና ተጠሩ። በአሜሪካ አገር ነገረ መለኮት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የከምባታ ሲኖዶስ ከዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲተባበር በዚያ ኃላፊነት ላይ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደሉም።

በእርዳታና በልማት ሥራ ላይ ያለንም ሁሉ ባለ ዕዳዎቻቸው ነን። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በባሕር ማዶ ላሉ ረጂዎች አንድ ጽሑፍ አቀረበች። ለትምህርት ቤትና ለሕክምና ገንዘብ ሲሰጥ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጅ እየታጠፈ መሆኑን ገልጻ፣ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ተነጣጥሎ ሊረዳ እንደማይችል አስረዳች። ቄስ ጉዲና ይህን ሐሳብ በብዙ መድረክ የተከራከሩለት ሰው ነበሩ።

ነገር ግን ዛሬ ልናነሣ የወደድነው የቢሮውን ሰው ብቻ ሳይሆን ባልና አባት የነበረውን ሰው ነው።

በደርግ ዘመን ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከዚያም ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጀላቸው፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም በዚህ ነገር እጃቸው ነበረበት። ቄስ ጉዲና ግን መንጋቸውን በፈተና ሰዓት ትተው መሄድን አልተቀበሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ባለቤታቸውን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ፤ እርሳቸውን ግን ገደሏቸው። ቤተ ሰቡ አስከሬናቸውን ሳያገኝ ዓመታት አለፉ፤ በክብር የተቀበሩት ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ወይዘሮ ፀሐይም በ1972 ዓ.ም. ተይዘው ብዙ ሥቃይ ተቀበሉ፤ ወደ አሥር ዓመት ያህልም በእስር ቤት ቆዩ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ፤ እኛም አንሸሽገውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገዛ ቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው አጥብቆ ወቅሷል። ታዲያ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው፣ በሩ ተከፍቶለት ሳለ፣ ለመንጋው ሲል ሊቀር ይገባዋልን? በመካከላችን ያለ አንድ አባት ከልጆቹ ጋር በሰላም ልኑር ብሎ ቢሄድ የሚፈርድበት ማን ነው? በጥቂት ቃል መልሰን ልንጨርሰው አንደፍርም።

አንድ ነገር ግን እናውቃለን። ለጋስ ሰው የሚሰጠው ከኪሱ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱም ይሰጣል። የሰጠውም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹ አብረው ከፍለዋል። ቄስ ጉዲናን እያመሰገንን ወይዘሮ ፀሐይን ብንረሳ፣ የስጦታውን ግማሽ ረሳን ማለት ነው።

የተከሉትም አልጠፋም። ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር ወጥተው ያዩትን ሁሉ ለትውልድ ተናገሩ፤ በ2007 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በእምነታቸው ጸኑ። ከልጆቻቸው አንዷ በአባቷ ስም ያቋቋመችው የልማት ድርጅት ደግሞ በፈንታሌ በከረዩ አርብቶ አደሮች መካከል ሠርቷል። ልጅቱ አባቷ ከተከለው በልታ፣ መልሳ ተከለች።

ስለዚህ የሌሞ ምእመናን ሆይ፣ ወንጌላዊ ወደ ሩቅ ቀበሌ ስትልኩ በቤቱ የቀረችውን ሚስቱን ማን እንደሚጠይቃት አስቡ። የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ የሰው ልጅ ለመመገብ ስትሮጡ የራሳችሁ ልጆች ፊታችሁን እንዳይናፍቁ ተጠንቀቁ። ለቅሶ ቤት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤትም ምግብ ያመጣል፤ ይህ መልካም ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን ማን ይመለሳል? በሚቀጥለው ዓመትስ የልጆቹን ደብተር ማን ይገዛል? አገልጋይን በእውነት የሚያስታውስ ጉባኤ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።