አርጃኖ ለሚያሳድጉ ልጆቻችን
(በአሥረኛው ዓመት በዓላችን ላይ ከተደረገ ንግግር)



ልጆች ከሱቅ የሚያመጧት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የሣር ሜዳ አርጃኖ አድጋ 3 ጫማ ትደርሳለች። በጣናና በዓባይ ዳር የምናውቀውማ ከ6 ጫማ ሊያልፍ ስለሚችል ለቤት አይሆንም።

የዓሣ መስታወት ለእርሷ ጠባብ ነው። ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ወርዱና ቁመቱ 4 ጫማ የሆነ የጣውላ ቤት ሥሩላት፤ ውስጡን ውኃ እንዳያበላሸው ቀቡት። ከሁሉ የሚበልጠው አፈሩ ነው። አሸዋ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር 2 ጫማ ያህል ሙሉበት፤ ቆፍራ የምትገባበት ካጣች የቬጋስ አየር አድርቆ ይገድላታል። የሽቦ ክዳንም እርጥበቱን ያስወጣልና ተውት።

በአንድ ጫፍ መብራት የሚያግለው ድንጋይ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ጥላ ይኑር። መብራቱን እንዳትነካው በወንፊት ሽቦ ጋርዱት። ሳልሞኔላ ስለምትይዝ ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ለዚህ ሁሉ ቦታ የሌለው ወላጅ፣ ሳይገዛ ለልጁ ቁርጡን ይንገረው።