በመንገድ ዳር ስለ ቆመ ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የተነገረውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የማያውቅ ከመካከላችሁ አይገኝም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ከተራራ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በታች እስካለው ቆላ ድረስ የሚወርድ፥ ጠመዝማዛና ጭር ያለ መንገድ ነበር። በዚያ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶት አለፈ። እኔም ካህን ነኝና ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ራሴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታኅሣሥ 18 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ ስንጓዝ፥ አዋሽን አልፈን ወደ ሚኤሶ ስንቃረብ አንድ ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በመንገድ ዳር ቆሞ አየን። የመኪናው ጎማ ተንፍሶ ነበር። እጁን አነሣልን። ሹፌራችን ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ፊቴን ተመለከተ፤ እኔም «ዋዜማው ያመልጠናል፥ ከኋላ የሚመጣ ይረዳዋል» አልሁት። አለፍነው። ከኋላችን የሚመጡት ሁሉ እንደ እኛው ስእለት ያለባቸው፥ እንደ እኛው የሚቸኩሉ መሆናቸውን በዚያች ሰዓት አላሰብሁም።

ከሚኤሶ ወጥተን የጨርጨርን ዳገት እንደ ጀመርን፥ ከአንድ ኩርባ ወዲያ በመንገዱ መካከል የተቀመጠ ድንጋይ የፊቱን ጎማ ቀደደብን። ድንጋዩ ከተራራ የተንከባለለ አልነበረም። ሌላ መንገደኛ ጎማውን ሲለውጥ ለታኮ አስቀምጦት፥ ሥራውን ሲጨርስ ትቶት የሄደ ነው፤ ለምልክት የጣለው ቅርንጫፍ ከአጠገቡ ደርቆ ነበርና ይህን ለማወቅ አላዳገተንም። ያ ሰው ምናልባት ክፉ አልነበረም። የራሱ ችግር ስላለፈለት ብቻ ድንጋዩን ረሳው። እንዲህ ያለው ድንጋይ በሌሊት ምን እንደሚያደርግ ሹፌሮችን ጠይቁ።

ሹፌራችን ሥራውን የሚያውቅ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፥ ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አድርጎ፥ ጎማው ገና መሬት እንደ ረገጠ ብሎኖቹን አላላ፤ አስቀድሞ በክሪክ ቢያነሣው ጎማው ከመፍቻው ጋር ይዞርበታልና። ከዚያም አነሣው። መለዋወጫውን ጎማ ሲያወጣ ግን ነፋስ አልነበረበትም። ከመነሣታችን በፊት ማንም አልተመለከተውም። ለመንገዱ ጸሎት አድርሰን ነበር፤ ጎማውን ግን አላየነውም።

እናንተ በየቤታችሁ የምታደምጡኝ፥ እስቲ አስቡት። ሳምራዊው በቁስሉ ላይ ያፈሰሰው ዘይትና ወይን፥ ቁስለኛውን የጫነበትም እንስሳ ከየት መጣ? ከእርሱ ጋር ይዞት ነበር። ልቡ ራርቶ እጁ ባዶ ቢሆን ኖሮ፥ አጠገቡ ተቀምጦ ከማልቀስ በቀር ምን ያደርግለት ነበር? ሊቃውንት ሳምራዊው ክርስቶስ፥ የእንግዶች ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ተርጕመዋል፤ ወደዚያ ምሥጢር ዛሬ አልገባም። እኔ የምናገረው ስለ ከረጢቱ ነው። ርኅራኄም ስንቅ ይፈልጋል፤ ክሪክ፥ መፍቻ፥ ነፋስ ያለው ጎማ፥ ለሌላው የሚተርፍ ውሃ።

መኪናዎች አለፉ፤ በብዙዎቹ ላይ የመልአኩ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። አልፈረድሁባቸውም፤ በምን አፌ? ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከድሬዳዋ በኩል ጭነት ይዞ የሚወርድ ከባድ መኪና ቆመ። ሹፌሩ ሙስሊም ነበረ፤ በዓሉ አይመለከተውም። «አባ፥ ምን ገጠማችሁ?» አለ። ከመኪናው የአየር ጋን ረጅም ቱቦ ዘርግቶ መለዋወጫውን ነፋልን። ከሹፌራችን ጋር ሆነው ጎማውን ገጠሙ፤ ብሎኖቹንም በመጀመሪያ በእጅ፥ መኪናው ከወረደ በኋላ በመፍቻ፥ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ እያፈራረቁ አጠበቁ።

ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። ሹፌራችን ሞተሩን አስነሣ፥ እኔም ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰውዬው ግን ከመንገዱ አልወጣም። «ድንጋዩንስ ማን ሊያነሣው ነው?» አለን። ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድሁ። የእኛንም ታኮ፥ ያንንም ጎማችንን የቀደደውን ድንጋይ ሦስታችን ከመንገዱ አወጣን።

ሊሄድ ሲል፥ ከሚኤሶ በታች አንድ ሰው ከልጆቹ ጋር ቆሞ እንደ ነበረ ነገርሁት። እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቀኝም። «እመለከታለሁ» ብሎ ወረደ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።