ቬበር የተባሉ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸውን?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤተሰብ ስም ነው። እኛ ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም እንጠራለን። በጀርመን አገር ግን የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ ይተላለፋል።

ታዲያ ከየት መጣ? በአንድ ሰፈር ሁለት ከበደዎች ቢኖሩ ጎረቤት አንደኛውን «ከበደ ሸማኔው» ብሎ እንደሚለየው ሁሉ፣ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ጀርመኖችም ሰውን በግብረ እዱ ይለዩት ነበር። ቬበር ማለት ሸማኔ ነው። ሸማኔ የሌለው ከተማ ስላልነበረም፣ ይህ የቤተሰብ ስም በየስፍራው ለየብቻው በቀለ።

ስለዚህ በ1833 እ.ኤ.አ. በጌቲንገን ከሊቁ ከጋውስ ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቴሌግራፍ የዘረጋው፣ ስሙም ዛሬ የማግኔት ፍሰት መለኪያ ሆኖ የሚጠራው ቪልሄልም ቬበር፣ በቪተንበርግ ከነገረ መለኮት መምህር የተወለደ ሲሆን፣ የሃይማኖትንና የሀብትን ግንኙነት የመረመረው የማኅበራዊ ኑሮ ፈላስፋ ማክስ ቬበር ደግሞ ከሌላ ቤት የወጣ ነው። የማክስ አያት በቢለፌልድ የበፍታ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩና፣ ለሸማኔነቱ እንኳ እርሱ ሳይቀርብ አልቀረም!

ሆኖም የቤተሰብ ስም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ዝምድናን ይመሰክራል። ቪልሄልምና የሰውን የመዳሰስ ስሜት ያጠናው ኤርንስት ሃይንሪክ ቬበር የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። የሙዚቃ ደራሲው ካርል ማሪያ ፎን ቬበርም፣ የሞዛርት ባለቤት ለሆነችው ለኮንስታንዘ ቬበር የአጎት ልጅ ነበር።