ምኞት ስንት ጥማድ ይፈጃል?

እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ፤ «ለከርሞስ ምን እናድርግ?» የሚል። አባት ሁለተኛ በሬ ገዝቶ ከመቀናጆ መገላገል ይፈልጋል። እናት የምትታለብ ላም ትሻለች። ትልቁ ልጅ በቅሎ ገዝቶ የቱሪስት ጓዝ መጫን ያምረዋል። ታናሺቱ ደባርቅ ወርዳ፣ ቤት ተከራይታ መማር ታስባለች። አራቱም ምኞቶች ደግ ናቸው፤ አንዱንም ነውር የሚል የለም። ችግሩ አራቱም የሚበሉት ከአንድ ጎተራ፣ ከአንድ ማሳና ከአራት ሰው ጉልበት መሆኑ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ክርክር ነው። ቤተሰብ ምኞቱን ሲመዝን «ይሆናል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይበቃውም፤ ለብቻው ከተያዘ ብዙ ነገር ይሆናልና። መጠየቅ ያለበት «ከምን ላይ ተነስቶ?» ብሎ ነው። ምሳሌዬን ከአምባራስ የወሰድሁት በስሜን ተራሮች፣ በሳንቃበርና በጨነቅ መካከል ያለው ይህ መንደር ወሰኑን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው፤ ብርዱን፣ ተዳፋቱን፣ የመሬቱን ጥበት፣ ብሔራዊ ፓርኩን።

ከብርዱ ልጀምር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አምባራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ኢምንት ነው፤ ማሳ ላይ ግን ሰብሉ እስኪደርስ የሚጨመር የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ጉዳይ ነው። ገብሱ በቆየ ቁጥር ውርጭና በረዶ የሚያገኘው ዕድል ይሰፋል። ከ3,700 ሜትር ገደማ በላይ ገብስም እጁን ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጓሳና ጅብራ ነው። ስለዚህ ደባርቅ ላይ የተዋጣለት ነገር አምባራስ ላይ ይዋጣል ማለት አይደለም። በስብሰባ ላይ «ጎረቤት ወረዳ ይህን ሠርቷል፣ እናንተስ?» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጠያቂው ስለ ኪሎ ሜትሩ እንጂ ስለ ከፍታው አላሰበም።

በዚህ ረገድ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የጨንቻ አፕል ነው። በጋሞ ደጋ አፕል ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ብርድ የሚወድ ተክል ሁሉ ውርጭ ይችላል ማለት አይደለም። አበባው ላይ ውርጭ ካረፈበት የዚያ ዓመት ፍሬ የለም። ችግኙ ደግሞ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ትርፍ ጓሮ ያለው ሰው ይትከል፣ ይጠብቅ። ጓሮው የክረምት ጎመኑና ድንቹ የሆነበት ሰው ግን ችግኙን ሲቀበል ምን እንደሚነቅል ያውቃል፤ የሚሰጠው ሰው ላያውቀው ይችላል።

ስለ ጓሮ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። የደጋ ቤተሰብ ማሳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ አመዱ፣ የቤቱ ጥራጊ፣ የጋጣው ፍግ የሚደፋው እዚያ ነው። ከቤት እየራቁ ሲሄዱ አፈሩ እየቀላ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ምክንያቱን ማንም ገበሬ ይነግራችኋል፦ ፍግ በጀርባ አዝሎ ገደል ለገደል መውጣት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ሊሸከም ቢፈልግስ ፍጉ የት ይገኛል?

ፍጉ ምድጃ ውስጥ ነው። በበጋ አንዲት እናት እበቱን ከትንሽ ጭድ ጋር ለውሳ፣ በመዳፏ ጠፍጥፋ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ስትለጥፍ አስተውላችሁ ይሆናል። ሲደርቅ ታገላብጠዋለች፤ ከዚያ ትከምረዋለች። ዝናብ ሳይገባ በፊት ክምሩ ካልሞላ ክረምቱን ምን እንደምታነድ ጭንቅ ነው። የፓርኩን የአስታ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ክልከላውም ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ደባርቅና ዳባት ላይ እንደ ልብ ይበቅላል፤ እየወጡ ሲሄዱ ውርጭ ይፈትነዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ኩበት እራት ያበስላል፣ በዚያው ልክ ከማሳው ላይ ፍግ ይቀንሳል። «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ለምን አትጠቀሙም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ምድጃው ሥር ነው። በእኔ ግምት ለአንድ የደጋ ቤተሰብ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃና ጥቂት ባሕር ዛፍ ከብዙ የስልጠና ቀን ይበልጣሉ።

አሁን ወደ እናትዮዋ ላም እንመለስ። ላም ወተትም እበትም ትሰጣለችና ምኞቱ ሁለት ቀዳዳ የሚደፍን ይመስላል። ነገር ግን ትበላለች። በበጋ የሚበላው የገብስ ጭድ ነው፤ ጭዱም የተቆጠረ ነው። ላሟ የምትበላው ለበሬው የተቀመጠውን ነው። በሬው ከስቶ እርሻው ላይ ሲቆም ደግሞ ማሳው በሰዓቱ አይታረስም። ስለዚህ የላሟ ዋጋ ገበያ ላይ የተከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ የዘገየው እርሻም ዋጋዋ ነው። ይህን የሚያውቁ ቤተሰቦች ከብቱን ግጦሽ ላለው ዘመድ በርቢ ይሰጣሉ፤ ወተቱ ይቀርባቸዋል፣ ጥጃው ግን ይካፈላል። ይህ የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲወራ እገረማለሁ። እኔ ሳየው ጥሩ ሒሳብ ነው።

የልጁ በቅሎ ከሁሉም ይበልጥ ያጓጓል፤ ጥሬ ገንዘብ ያመጣልና። የስሜን የቱሪስት ወቅት ዝናቡ ሲያባራ ከጥቅምት ይጀምርና እስከ መጋቢት ይዘልቃል። የገብስ አጨዳና ውቂያ የሚያጣድፈውም በዚሁ መሐል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ልጁ ተራው ደርሶ በበቅሎው ጓዝ ሊጭን ከሄደ ነዶውን ከማሳ ወደ አውድማ ማን ያጓጉዛል? ወንፈል አለ ትሉኝ ይሆናል። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ የመጣልህ ሰው ነገ ይጠብቅሃል፣ አንተ ደግሞ ጨነቅ ላይ ነህ። በዚያ ላይ የቱሪስት ገበያው እንደ በረዶ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ቱሪስቱ ቀረ፤ በቅሎዋ ግን ገብሷን መብላት አልተወችም። ይህን ሁሉ የምለው ልጁን ለመከልከል አይደለም። ለሁለት ወንድማማች ቤት አንድ በቅሎ፣ የአውድማውን ሥራ ደግሞ አስቀድሞ መከፋፈል የሚል ስምምነት ካለ ምኞቱ ያዋጣል። ለብቻ ከሆነ ግን ከአጨዳው ላይ የሚነሳ ነው።

የመሬቱን ጥበት ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጎጆ ወጥቶ የራሱን ልጅ ያዘለ ነው፤ ድርሻው ከአባቱ ጥማድ ላይ የሚቆረስ ነው። የተዳፋቱ ነገርም ከዚህ አይለይም። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጅንባር ሸለቆ ያጠናው የአፈር መታጠብ ዛሬም በክረምት ከወንዙ ቀለም ይታያል። መድኃኒቱ እርከን ነው፤ እርከን ደግሞ ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባበታል። ገበሬው «አይጥ አሳደግህብኝ» ሲል ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

መሬት ሲያንስ ሰው ምን ያደርጋል? በፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ አንድ መልስ ሰጥቷል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በደርግ ዘመን ተሰዶ ሲመለስ የተረፈው መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ነበር። ያን ያህል መሬት መቶዎችን አርሶ አያበላም። ስለዚህ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞሩ፤ ከዚያም ወፍጮ ተከሉ። ሰዎች ይህን ሲያወሩ ዲሲፕሊኑንና የሴቶችን እኩልነት ያነሳሉ፤ እኔ አንድ ተጨማሪ ነገር አያለሁ፦ አውራምባ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ናት። ጥጥ የሚገባበትና ጋቢ የሚወጣበት መንገድ ደጇ ላይ ነው። አምባራስ ላይ የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና መሥራት የቆየ ሙያ ነው፤ ለሥራው እጅም ጠጉርም አለ። የሚያንሰው ገዢው ነው። የአውራምባን ብርታት ወስደን መንገዷን ከረሳን ምሳሌው ወቀሳ ይሆናል።

ከወሰኖች ሁሉ አስቸጋሪው ተፈጥሮ ያላስቀመጠው ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ደግ ሆነ፤ ለዚህ ተራራ ስምም እንዲሁ። ነገር ግን ሀብቱ በግና ከብት የነበረ፣ ሒሳቡን በጭድና በግጦሽ ሲያሰላ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ያ ሒሳብ አብሮት አይገባም። ቆርቆሮ ቤት በግ አያግጥም። በአምባራስ የቀረው ጎረቤት ይህን አይቷል። ነገ «ተነስ» እባል ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው አራት ዓመት የሚጠበቅ ዛፍ አይተክልም፤ በዓመት የሚታጨደውን ገብስ ይዘራል። ይህን አርቆ አለማሰብ ብለን ብንጠራው በደል ነው፤ ማሰቡን እስከሚያምነው ዘመን ድረስ ነው ያስረዘመው። የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ ይዞ መሰጠቱ አንድ እርምጃ ነበር። በፓርኩ አጠገብ ላለ ቤተሰብ ግን «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ይፈልጋል።

በዚህ አገር የተሳካ ምኞት የለም ወይ ብትሉ አለ፤ ድንች። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር፣ ቀድሞ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ባለሟል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ ይታወቃል። ድንቹን ገበሬው ወዲያው አልተቀበለውም። በሰፊው የያዘው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ፣ «ክፉ ቀን» ከሚባለው ታላቅ ረሃብ ወዲህ ነው። ሲይዘውም ከገብሱ ማሳ አላነሳለትም፤ ጓሮ ውስጥ፣ ከአመዱ አጠገብ ተከለው። የሚደርሰውም ጎተራው በሚራቆትበት በክረምቱ ወር ነው። ከሌላው ሰብል ብዙ ሳይቀማ ባዶውን ወር ሞላ።

ስለዚህ ለወረዳው የግብርና ባለሙያዎች፣ ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና በዚህ አካባቢ ለሚሠሩ ድርጅቶች አንድ ነገር አቀርባለሁ። አዲስ ዘር፣ ችግኝ ወይም ከብት ይዛችሁ ስትመጡ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ መዝግቡ፦ የየትኛውን ወር ጉልበት እንደሚወስድ፣ የማንን ጭድ እንደሚበላ፣ የትኛውን ጓሮ እንደሚይዝ። ከዚያም የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ችግኙ በነፃ ይሰጣል፤ ጓሮው ግን በነፃ አይገኝም። ከአንድ ጓሮ በአንድ ክረምት የሚወጣው ድንችና ጎመን በደባርቅ ገበያ ስንት እንደሚያወጣ ማስላት ከባድ አይደለም። ያ ዋጋ ችግኙ በሚሰጥበት ውል ውስጥ ይግባ፤ ውርጭ ቢመታው ለቤተሰቡ ይከፈል። እንዲህ ተደርጎ ገበሬው እምቢ ካለ ያኔ ስለ አመለካከቱ ልንነጋገር እንችላለን።