ሐይድ ያልመጣላት ልጅ

የዛሬው ጉዳይ እቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። የአንሷር ሴቶች ግን ስለ ሐይድ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከመጠየቅ ሐያእ አላገዳቸውም፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በዚህ አመስግናቸዋለች።

ከዓመታት በፊት ነቀምት ውስጥ አንዲት እናት መጡ። «ሸኽ፣ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ጡቷ አድጓል፣ ሐይድ ግን አላየችም። በየወሩ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች። ጂን ይሆን?» አሉኝ። ሩቅያ ቀራሁላት። በወሩ ተመለሱ፤ ደግሜ ቀራሁ። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ጥፋቴ «በየወሩ» የሚለውን ቃል ሰምቼ ማለፌ ነው። ጎረቤት ደግሞ ሆዷ መነፋቱን አይቶ ሐሜት ጀምሯል። በሦስተኛው ሐኪም ቤት ላክኋቸው። ለካ ደሙ በየወሩ ይመጣል፤ መውጫውን ግን አብሯት የተወለደ ስስ ሽፋን ዘግቶታል። ሐኪሟ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከፈተችው።

አባትየው «ድንግልናዋስ?» ብለው ነበር። በዝላይ ወይም በጉዳት ድንግልናዋ የሄደ ልጅ በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ ቢክር ናት፤ ይህችማ ታክማ ነው። ለኒካሕ ጊዜ ካሳሰባችሁ ከሐኪሟ ወረቀት ያዙ አልኳቸው።

የሁሉም ምክንያት ግን አንድ አይደለም። እናቷም ዘግይታ ያየች ልጅ ብዙ ጊዜ በራሷ ጊዜ ታያለች። ምግብ ያነሳትና የከሳች ትዘገያለች። በእኛ በወለጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲደክምም ጉርምስና ሊዘገይ ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው የምንለውም ለዚህ ጭምር ነው። ቁመቷ በጣም ያጠረ፣ ጡቷም ያላደገ ከሆነ እንቁላል ማምረቻዋ ከተፈጥሮ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ማህፀን ሳይኖራት የምትወለድም አለች፤ እርሷም ሙሉ ሴት ናት፣ ማንም አያሸማቅቃት።

ጡት በ13 ዓመት ካልጀመረ፣ ወይም ሐይድ በ15 ካልመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወር እየጠበቀ የሚመላለስ ሕመም ካለ ግን ዕድሜ አትቁጠሩ። ሐኪሙ ዕድገቷን ያያል፣ በአልትራሳውንድ ማህፀኗን ይመለከታል፣ ደሟን ይመረምራል። የእርግዝና ምርመራም ያዛል፤ ለሁሉም የሚታዘዝ ነውና አትቀየሙ። ሴት ሐኪም ጠይቁ፤ ከጠፋች እናት አጠገቧ ሆና ወንድ ሐኪም ይያት።

አንድ ነገር ልጨምር። «ገና አላየችም» ብላችሁ ከሶላትና ከጾም አታስቀሯት። በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ 15 የሂጅራ ዓመት የሞላት ባሊግ ናት፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 14 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ 17 ይላሉ።

በቀጣዩ ረመዷን እኒያ እናት ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ስንት ቀን ቀዷ እንዳለባት ሊጠይቁኝ ነበር።