ስለ ሞተር ሞኖብሎክ አመራረጥ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ነገር በአሜሪካ አገር መኪና በሚያጎለብቱ ሰዎች ዘንድ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ነው። ይኸውም የሞተሩን ጉልበት ከእጥፍ በላይ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው የፋብሪካውን ሞኖብሎክ ይዞ ይቀጥል ወይስ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሌላ ይግዛ የሚለው ጥያቄ ነው። በጠቅላላው ከማውራት በአንድ ሞተር ላይ ብናየው ይሻላልና የፎርድን ባለስምንት ሲሊንደር 302 መርጠናል።

የዚህ ሞተር ዘር በ1962 እ.ኤ.አ. 221 ኩብ ኢንች ሆኖ ወጣ፤ 302ቱም በ1968 ተከተለ። መሐንዲሶቹ ሞኖብሎኩ ብረት ሆኖ ሳለ ቀላል እንዲሆን ግድግዳውን ሆን ብለው አሳስተው አፈሰሱት። በዚህ የሚወቅሳቸው ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። ከ1987 እስከ 1992 በሙስታንግ ላይ የተገጠመው 302 በፋብሪካው ልክ 225 የፈረስ ጉልበት ነበረውና ለዚያ ሞኖብሎኩ በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፈዋል። ነገር የሚመጣው ቱርቦ ወይም በቺንጋ የሚዞር የአየር መጭመቂያ ተጨምሮበት ጉልበቱ 500ን ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ስንጥቁ ክራንክ ሻፍቱን ከተሸከሙት ድጋፎች ተነሥቶ በካም ሻፍቱ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሞኖብሎኩም በቁመቱ እንደ ፍልጥ እንጨት ለሁለት ይከፈላል።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የ302 ሲሊንደር ስፋት 4 ኢንች ነው፤ እንግዲህ የፒስተኑ ራስ 12.57 ካሬ ኢንች ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ 1,000 ፓውንድ ግፊት ቢያርፍ በአንዱ ፒስተን ላይ ብቻ 12,570 ፓውንድ፣ ማለት 5.7 ቶን ያህል ይወርዳል። ይኸው ግፊት ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋል፤ በቢዬላው በኩል ደግሞ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ታች ይገፋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚጎተተው ሞኖብሎኩ ነው። አየር በተጨመቀ መጠን ግፊቱ ይጨምራል፤ የብረቱ ውፍረት ግን ያው ነው።

አንዳንዶች የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታ መያዣዎች በአንድ ወፍራም ብረት አያይዞ ማሰር ይበቃል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ስንጥቁ የሚጀምረው ከመያዣዎቹ በላይ ባለው በሞኖብሎኩ ሥጋ ስለ ሆነ ታቹን ማሰር ላዩን አያድነውም። ደግሞም በፋብሪካው ሞኖብሎክ ከ500 በላይ አውጥተው ዓመታት የነዱ መኖራቸውን አንክድም፤ ነገር ግን የእነርሱ ማምለጥ ለሌላው ዋስትና አይሆንም። በፍጥነት ላይ እያለ ሞተሩ የተከፈለበት ሰው ዘይቱን በራሱ ጎማ ሥር ያገኘዋል።

ስለዚህ ወደ ምርጫው እንግባ። ዳርት የሚባለው ድርጅትም፣ ፎርድ ራሱም ቦስ 302 በሚል ስም፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን የብረት ሞኖብሎክ ሠርተዋል። በሁለቱም ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መካከለኞቹ ሦስት የኩሽኔታ መያዣዎች በሁለት ብሎን ፈንታ በአራት ይታሰራሉ። ዋጋው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው። ክብደቱም ከፋብሪካው ይበልጣል፤ የተጨመረው ብረት ግን የተገዛበት ምክንያት ነውና በዚህ ማማረር ከንቱ ነው።

አሉሚኒየምስ? የአሉሚኒየም ክብደት ለእኩል መጠን ከብረት ከግማሽ በታች ነው፤ ቢጎዳም ይበየዳል፤ የሲሊንደሩም ሸሚዝ ይለወጣል። ነገር ግን ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለ ሆነ የኩሽኔታው ክፍተት በብርድና በሙቀት አንድ አይሆንም። ለእሽቅድምድም ብቻ ለሚነዳ ይስማማ ይሆናል፤ በየቀኑ በመንገድ ለሚነዳ ግን ብረቱን እንመርጣለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ቁመቱ ነው። ቁመት ስንል ከክራንክ ሻፍቱ መካከል እስከ ቴስታታው መቀመጫ ያለውን ርቀት ነው። በ302 ይህ 8.2 ኢንች፣ በታላቅ ወንድሙ በ351 ዊንድሰር ደግሞ 9.5 ኢንች ያህል ነው። ረጅሙን የመረጠ ሰው ረጅም የፒስተን ምት ያገኛል፤ ዳሩ ግን ሁለቱ ቴስታታዎች ስለሚራራቁ የአየር ማስገቢያውን መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ የጭስ ማውጫውና የኮፈኑ ቦታም ይጠብበዋል። በአጭሩም ቢሆን 3.4 ኢንች ምትና 4.03 ኢንች ስፋት 347 ኩብ ኢንች ይሰጣሉ፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃዋል ብለን እናምናለን።

ስፋቱን በተመለከተ እነዚህ ሞኖብሎኮች በ4 ወይም በ4.125 ኢንች ይገዛሉ። ምክራችን 4ቱን መግዛት ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ቢፋቅ ገና ብዙ ብረት አለውና። የፋብሪካውን 302 ግን ብዙ ጊዜ ከ4.03 በላይ አያስፋፉትም።

አዲሱ ሞኖብሎክ እንደ ደረሰ ፒስተን አይገባበትም። ሲሊንደሩ ለመጨረሻው ፍቀት ተብሎ በጥቂት የኢንች ሺኛ ጠብቦ ይመጣል፤ ሲፋቅም ቴስታታው የታሰረ ያህል እንዲጨነቅ ወፍራም የብረት ሳሕን በብሎን ይታሰርበታል። የኩሽኔታዎቹ መሥመር ይለካል፤ የዘይት መሄጃዎቹም አንድ በአንድ ይታጠባሉ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ገንዘብ ከሞኖብሎኩ ዋጋ ጋር በአንድነት መታሰብ አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ ጓደኞች አሁን ብትጠይቁን ደስ ይለናል።